የሚታጠፍ ብስክሌትና ሦስተኛው መቀመጫ

የካቲት 25

ዛሬም ውሃ የለም። በጀሪካን ታጥቤ ገባሁ። አሥራ አንድ የዓይን ቆብ ሠራሁ። አሥራ አንዱም ያው ነው... ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይወጋል፣ ሰውየው በወረንጦ እያስነቀለ ዓመት ይቆይና "ሲስተር አድኚኝ" ይላል። ለአንድ ዓይን ሩብ ሰዓት ለማይፈጅ ቀዶ ጥገና!

የሰውን አባት እሠራለሁ። የኔ አባት ስማዳ ተቀምጠው በወረንጦ ያስነቅላሉ። ግራ ዓይናቸው ካቻምና ጠፋ። ቀኙ ብቻ ነው የቀረው። ያኔ እኔ ጋ ንፋስ መውጫ ይምጡ ስላቸው "ተማሪ በትኜ?" አሉ። መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ዜማ ሳያስተምሩ ውለው አያውቁማ! አሁን እሺ ሲሉ ደግሞ መንገዱ በግጭቱ ተዘጋ። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም።

የካቲት 29

አውሮፕላን መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግጦሽ ላይ አረፈች። ከብቱ ደንብሮ እስካሁን አልተሰበሰበም።

ባለቤቷ ዶክተር አብዮት ይባላል። የአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም። የራሱ ናት፣ ራሱ ያበርራታል። በበጎ ፈቃድ ስማዳ ወርዶ ሊያክም ነው። ስማዳ! ጆሮዬን አላመንኩም።

"ሜዳው ላይ አርፋለሁ" አለኝ። "ከሜዳው እስከ መንደሮቹ ግን በምን እሄዳለሁ? መኪና የለ። ባጃጁም ነዳጅ የለው።"

ለዚህ ብሎ ሁለት የሚታጠፉ ብስክሌቶች ይዞ መጥቷል። አንዷን ምረጪልኝ አለ። "መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሲስተር ባንቺዓለም። ሞክሪያቸውና ንገሪኝ።"

"እኔስ አብሬ እሄዳለሁ?"

"አንዱ መቀመጫ የኔ፣ አንዱ የካሜራ ባለሙያው የአበባው። ሦስተኛው ያንቺ።"

ደስታዬን የት ላድርገው!

መጋቢት 2

ትንሿን ሞከርኩ። ዘጠኝ ኪሎ ናት። ሦስት ቦታ ታጥፋ እንደ ሻንጣ ትያዛለች። ጎማዋ ሰፌድ ታህላለች። አስፋልቱ ላይ ሽው አለች። ኮረኮንቹ ላይ ስወርድ ግን ጎማዋ ድንጋይ መሐል ገብታ ቀረች... እኔ አልቀረሁም፣ በላይዋ አልፌ ተፈጠፈጥኩ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች "ኧረ ሲስተርን! ኧረ ሲስተርን!" እያሉ አነሱኝ። አነሱኝና ሳቁብኝ።

ጉልበቴ ተልጧል። ይህቺም ዕቃ ሆና!

መጋቢት 4

ዛሬ ትልቋን። አሥራ ሰባት ኪሎ። ጎማዋ ወፍራም፣ መታጠፊያዋ ድፍን ብረት፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ አላት። ዘበኛችንን አያ አጥናፉን ከኋላ ጫንኳቸው።

"ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ሽማግሌ ገድለሽ ልትታሰሪ ነው?"

"ዝም ብለው ይያዙኝ!"

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወርደን ተመለስን። ብስክሌቷ ንቅንቅ አላለችም። አያ አጥናፉ ወርደው እንደ በቅሎ ዙሪያዋን አዩዋት። "ይቺ ናት እንጂ" አሉ። "ሸክም የማይችል ነገር ምን ይሠራል?" እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር በቅሎም፣ አህያም፣ ሙሽራም የሚመረጠው በዚያ ነው። ተወሰነ።

መጋቢት 6

ዶክተር አብዮት ለግማሽ ሰዓት አረፈ። ልቡ ያለው ትንሿ ላይ ነው።

"ሲስተር፣ እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኗ እንደ ቆላው አታነሳም። ኪሎው ያሳስበኛል።"

"የስምንት ኪሎ ልዩነት ምን አላት? አንድ ዶሮ ከነጫጩቶቿ! ትንሿ ስማዳ ሦስት ቀን አትቆይም።" ቀሚሴን ሰብስቤ ጉልበቴን አሳየሁት። "ይኸው ማስረጃው!"

ሳቀ። እንደገና ስለ ኪሎ ጀመረ። እንደገና አቋረጥኩት። በመጨረሻ "እሺ፣ ባንቺ ይሁን" ብሎ ትንሿን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር በረረ። እዚያ ላለ ጓደኛው ሊሰጣት ነው። መጋቢት አሥራ ሁለት ተመልሶ ይወስደኛል።

አዲስ አበቤውን ረታሁት።

መጋቢት 7

ኔትወርክ ተገኘ። አባባን አወራኋቸው።

"በአሥራ ሁለት እመጣለሁ። በአውሮፕላን!"

"እንደ ኤልያስ?"

"እንደ ኤልያስ።"

"ኤልያስ ወጣ እንጂ አልወረደም፣ ልጄ።" ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ሲያቃስቱ ሰማሁ። ቀኙ ሌትና ቀን ይወጋቸዋል። እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ ያለችው ነርስ ሃይማኖት "ሠልጥኛለሁ፣ መሣሪያ ከመጣልኝ እኔም ልሠራዎት እችላለሁ" ብላቸዋለች።

"አይሆንም! ያለችዎት አንድ ዓይን ናት። ከኔ በቀር ማንም እንዳይነካዎት። ይጠብቁኝ።"

"እሺ።"

ሃይማኖት እኮ ጎበዝ ናት። አብረን ነው የሠለጠንነው። ግን የአባቴን ዓይን ለሌላ ሰው? ምን ቆርጦኝ!

መጋቢት 12

ወይ ነዶ! ወይ ነዶ!

አያ አጥናፉ የእህል ነጋዴ ሚዛን በአህያ አስጭነው ሜዳው ድረስ አመጡ። ሁላችንም ተመዘንን። ዶክተሩ። አበባው ከነካሜራው፣ እሱ ብቻውን ዘጠና ሁለት። የቀዶ ጥገናው ዕቃ። ብስክሌቷ። እኔ ኀምሳ አንድ... ጾሙም አግዞኛል። ዶክተር አብዮት ስልኩ ላይ ደመረ። እንደገና ደመረ።

"ሰባት ኪሎ በልጧል።"

ስንቄን ጣልኩ። ካፖርቴን አወለቅሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። በካልሲ ሚዛን ላይ ቆምኩ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። አሁንም አራት ኪሎ ይበልጣል።

"ካሜራው ይቅር" አልኩ።

"ያለ ቪዲዮ ገንዘብ የሚሰጠኝ የለም፣ ሲስተር።"

"ብስክሌቷስ?"

"ከዚያ ሜዳ በምን ልሂድ?"

"በእግርዎ! እንደኛ!"

ፊቱ ቀላ። ቀስ ብሎ፣ በጨዋ አንደበት፣ እዚያ የሠለጠነች ነርስ ስላለች መሣሪያውን ይዞላት እንደሚሄድ፣ እኔን በሚቀጥለው ዙር እንደሚወስደኝ ነገረኝ። የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው? "ከፋሲካ በኋላ።"

ትንሿን መርጬ ቢሆን አንድ ኪሎ ይተርፍ ነበር። ከነጫማዬ እሳፈር ነበር!

ብስክሌቷን አጣጥፈው እኔ የምቀመጥበት ላይ አስቀመጧት። ቀበቶም አሰሩላት። አውሮፕላኗ አቧራዋን አልብሳኝ ሄደች።

አያ አጥናፉ ካፖርቴን ከመሬት አንስተው አቀበሉኝ። ጫማዬንም አራግፈው እግሬ ሥር አኖሩልኝ። ጎሽ፣ አበጁ።

መጋቢት 13

ሰባት ቆብ። ለአባባ ደወልኩ... "የደወሉላቸው ደንበኛ" ምናምን ትላለች።

መጋቢት 16

ዶክተር አብዮት ከወገዳ ኔትወርክ አግኝቶ ፎቶ ላከ። ብስክሌቷ ላይ ተቀምጦ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከኋላው ሕፃናት። "ምርጫሽ ድንቅ ነው! በሦስት ቀን አምስት መንደር አዳረስኩ። መቶ አሥር ዓይን ሠርተናል።" ሥር ደግሞ የጭብጨባ ምልክት።

ጭብጨባህ ገደል ይግባ!

ማታ ሃይማኖት ደወለች። አባባ ጋ ሄደው ነበር። እሷም ዶክተሩም ለመኗቸው። "ልጄ ይጠብቁኝ ብላኛለች" ብለው አሻፈረኝ አሉ።

"ቆጥቁጦኝ ነው የምነግርሽ" አለች። "ብሌኑ ላይ ቁስል ጀምሯል። ቆቡን ለመሥራት ዐሥር ደቂቃ በቂ ነበር፣ ባንቺ። ደውዪና ፍቀጂላቸው። መሣሪያው እኔ ጋ ቀርቷል፣ እመለሳለሁ።" ወዲያው ለአባባ ደወልኩ፣ ኔትወርኩ ግን ጠፍቷል።

መጋቢት 17

ኔትወርክ የለም።

መጋቢት 18

ኔትወርክ የለም። ሃይማኖትም አትገኝም። በእግሬ ልሂድ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ "ካንቺ ሌላ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ማን አለኝ?" አለ። ውጭ የተሰለፉትን በመስኮት አሳየኝ። ቁጭ አልኩ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው መሰለኝ... ወይስ ፈርቼ?

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ቃሌን የምመልስበት ስልክ እንኳ የለኝም።

መጋቢት 26

ተገኙ! በዘጠኝ ቀን አንዴ!

"አባባ፣ ሃይማኖት ትሥራዎት። ዛሬውኑ። እኔን አይጠብቁ።"

"አሁንማ መውጋቱን ተወት አድርጎኛል" አሉ። "ዳዊቱ ግን ጉም ሆነብኝ። መስኮት አጠገብ ብቀመጥም ጉም ነው።"

መውጋቱን ተወ። ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ ግን መውጋት ሲያቆም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ብሌኑ ሞቷል ማለት ነው። ስልኩ ተቋረጠ። ጠዋት እሄዳለሁ። ፈቃድም አልጠይቅ። ያባሩኝ።

መጋቢት 29

እስከ አርብ ገበያ ከተማ በተገኘው ነገር ተሳፍሬ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ሁለት ቀን ከግማሽ። ማንም አላስቆመኝም። ይሄው ነው መንገዱ? ይሄን ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት?

አባባ ከዛፉ ሥር ተማሪ ከብበው ያዜማሉ። ድምፄን ሲሰሙ ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ... ወደ ቆምኩበት አይደለም፣ ወደ ጎን።

ዓይናቸውን በባትሪ አየሁት። የተቀቀለ እንቁላል መስሏል። ሃይማኖት መልእክቱ ገና ዛሬ ደርሷት መሣሪያውን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ቆቡን ግን ሠራሁ። ሽፋሽፍቱ ቁስሉን እንዳይፍቀው ያህል ብቻ። ሰዓቴን አየሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

መጋቢት 30

ፋሻውን ፈታሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት አስቀምጬ ነው የፈታሁት። ምናልባት ብዬ።

"ምን ይታይዎታል?"

ፊታቸውን ወደ ሙቀቱ አዞሩ። "ደህና ነኝ። አይቆረቁረኝም። እጅሽ ይባረክ።"

መልስ አይደለም። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

በኋላ አላስቻለኝም። "አባባ፣ ሃይማኖት ስትለምንዎት ለምን እምቢ አሉ?" አልኩ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነው። አንዴ እንኳ እንዲሰድቡኝ።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ይጠብቁኝ ያልሽ?" አሉ። ቁጣም የለበት፣ ወቀሳም የለበት። እንዲያውም ፈገግ ብለው፣ ለተማሪዎቻቸው በኩራት፣ "በቃሏ መጣች" አሉ።