ነጭ ምልክት ያለባቸው ቡሎኖች

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9 ቀን
ከጋራዡ

ለልጄ ለቀለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? ሁለቱ ጉዶችሽስ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ አዲስ መነጽር ተሠርቶላት፣ እስከ ዛሬ ያልታየኝ አቧራ ሁሉ አሁን ታየኝ እያለች መቀመጫ አሳጥታኛለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ሄደ። የስፌት መኪናውን ድምፅ ስለለመድኩት ጋራዡ ጭር አለብኝ።

ሞተሩ ገባ። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ለመጻፍ ስለፈራሁ ነው።

የላክሽው ሳጥን የተከፈተ ዕለት የሰፈሩ ሹፌር ሁሉ ተሰበሰበ። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ለዚያች አሮጌ ፒካፕ! ባለታክሲው "ጋሼ፣ ሊያበሯት ነው እንዴ?" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ዳገቱ ላይ አህያ ሳይቀር ሲቀድመን በንዴት ታለቅሺ የነበረው ትዝ አለኝ።

ሥራው አድካሚ ነበር። የሞተሩን ማረፊያ ቆርጬ ሻንሲው ላይ እንደገና በየድኩ። ካምቢዮውን ቀየርኩ። ፍሬኑንም በትልቅ ተካሁት፤ የሚሮጥ ነገር መቆምም አለበት። ሞተሩ ሰፊ ስለሆነ የመሪው ሳጥን መንገድ ላይ ቆመበት፤ ነቅዬ ወደ ጎን አስጠጋሁና በአራት ቡሎን አሰርኩት።

ደንባችንን መቼም አትረሺውም። እኔ አጠብቃለሁ፣ "ጠበቀ" እላለሁ፣ አንቺ በነጭ ቀለም ምልክት ታደርጊበታለሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ ሳልናገር ቀብተሽ ብቆጣሽ፣ ቀለሙን በጨርቅ ጠረግሽና "በል፣ አሁን ንገረኝ" ብለሽ እንደ ዳኛ ቆምሽብኝ። ቀለሜ ያልኩሽ ያን ቀን ነው። ከሄድሽ ወዲህ ለራሴው "ጠበቀ" እላለሁ፣ ራሴው እቀባለሁ።

ቅዳሜ ለሙከራ ይዣት ወጣሁ። እናትሽም በአዲሱ መነጽሬ መንገድ ልይ ብላ ጎኔ ተቀመጠች። መኪናዋ ዳገቱን እንዴት እንደወጣችው ብነግርሽ አታምኚኝም። ነዳጅ መስጫውን ገና ነካ ሳደርገው ወንበሩ ጀርባችንን ገፋው። እናትሽ "ቀስ በል አንተ ሰው" እያለች ትስቃለች። አናቱ ላይ፣ ገደሉ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ስደርስ መሪውን አዞርኩ። መኪናዋ ዘገየች። የዘገየችው በጣም ትንሽ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ቢሆን ነው። ከዚያ ታጠፈች። እናትሽ ምንም አላወቀችም፣ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። እንቁላል እንደጫነ ሰው እያዘገምኩ ተመለስኩ።

ጋራዥ እንደገባሁ ሥሯ ተጋደምኩ። ከአራቱ የመሪ ቡሎኖች ሁለቱ በጣት ይዞራሉ። ሁለቱም ላይ ነጭ ምልክት አለ። የገዛ እጄ ነው፤ አቀባቤን አውቀዋለሁ።

ልጄ፣ ፈራሁ። ቡሎን ረስቶ መተው በማንም ይደርሳል፤ ምልክት ባይኖረው ኖሮ አይቼ አጠብቀው ነበር። እኔን ያስፈራኝ ማስታወሴ ነው። ሁለቱንም ሳጠብቃቸው ትዝ ይለኛል፣ መፍቻው እጄ ላይ ሲከብድ፣ "ጠበቀ" ስል ድምፄ ሲሰማኝ ሳይቀር። ታዲያ ያስታወስኩት የየትኛውን መኪና ቡሎን ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ በር ቆልፌ ከመንገድ እመለስና እንደገና እገፋዋለሁ። ለደንበኞቼ ወገቤን አሞኛል ብዬ ጋራዡን ዘጋሁ። ለእናትሽም ያልኳት ይህንኑ ነው። በቅርብ የሠራኋቸውን ሦስት መኪኖች በሌላ መካኒክ አስፈትሼአለሁ፤ ደህና ናቸው።

ሁለቱን ቡሎኖች ወዲያው አጥብቄያቸዋለሁ። ግን ይህን የሚልሽ ያው እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ በሚመጣው ወር ልጆቹን ይዘሽ፣ ዳገቱን አልፈሽ ሐይቁ ድረስ ልትነጂያት ነው። ያ መታጠፊያ እህል ስቀምስ እንኳ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እባክሽ፣ እኔ እንደሠራኋት እንዳትነጂያት። የመኪናዋን ቁልፍ ከእናትሽ የልብስ ሻንጣ ሥር ደብቄዋለሁ። ቦታውን እዚህ የጻፍኩት ለሁለታችንም ይበጃል ብዬ ነው።

ቱታሽ እዚያው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ስትመጪ ልበሽውና ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ቡሎን ሁሉ አንቺ ፍቺ፣ አንቺ እሰሪ። እኔ የቀለሙን ጣሳ ይዤ አጠገብሽ እቆማለሁ። "ጠበቀ" ካላልሽኝ ብሩሽ አላነሳም።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጆችሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እጅሽ አይዛል።

አባትሽ፣ መካኒኩ

ፖስታውን ላሽገው ስል ትዝ አለኝ፤ ለካ አንድ ወሬ ሳልነግርሽ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ልጁ ዘንድ ሄደ። የስፌት መኪናውን ድምፅ ስለለመድኩት ጋራዡ ጭር አለብኝ።