ጥርሱ ስንት ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 4

ልብስ አጠብኩ። ወለል ወለወልኩ። እናቴ ጀርባዋን ለግቢው ሰጥታ ተቀምጣ ዋለች። ግቢው ውስጥ የአባቴ ፒካፕ አለ። እሱ ከሞተ ሰባት ወሩ። ከዚያ ወዲህ መኪናውም እሷም ከቦታቸው አልተነሱም።

ከሰዓት አጎቴ መጣ። ሁለት የፊት ጥርስ ስለሌለው ሲናገር ያፏጫል። መኪናው እስከ እሑድ ካልተሠራ ጎትቼ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ እሰጠዋለሁ አለ። እናቴ ዞር አላለችም። እኔማ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። በሩን ሦስት ጊዜ አልፌ ተመለስኩ። ከዚያ ገባሁ። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ጎማዎቹን የሚያዞረው ማርሽ፣ ይጮህ ነበር፣ አባቴ አልቆለታል ይል ነበር… ይህንኑ ለሻጩ ነገርኩት፣ በቀስታ።

«ጥርሱ ስንት ነው?» አለኝ።

ጥርስ ሲል እጄ ወደ አፌ ሄደ። የተሸረፈችውን የፊት ጥርሴን ያየብኝ መስሎኝ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ለካ የማርሹን ነው።

ሁለት ዓይነት አለው። ሲታዩ መንታ ናቸው። በአንዱ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ከፊት የሚመጣው ረጅም ብረት፣ ካርዳን የሚሉት፣ አራት ጊዜ ከትንሽ ይዞራል። በሌላው አራት ተኩል ከትንሽ። የማይገጥመውን ከወሰድኩ የፊትና የኋላ ጎማው እየተጓተቱ ሌላም ይሰብራሉ። ዕቃው አንዴ ከወጣ አልመልስም አለ ሻጩ።

አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ አልሳቀም። ጎማውን አንስቼ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ አንድ ዙር አዙሬ የካርዳኑን ዙር እንድቆጥር ነገረኝ። ሌላ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ገባኝ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

በአባቴ ክሪክ የኋላ የቀኙን ጎማ አነሳሁ። ሌሎቹን ድንጋይ አስደገፍኩ፣ ማርሹን ባዶ አደረግኩ። አዞርኩ።

ሁለት ከትንሽ። ደገምኩ። ሁለት ከትንሽ። ሁለት ከየት መጣ?

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ሱቅ ተመልሼ ሁለት ከትንሽ ስለው ሻጩ የብስክሌት ነው እንዴ አለኝ። እንባዬ መጣ፣ ወጣሁ። መካኒኩ ተከተለኝ። ስንት ጎማ እንዳነሳሁ ጠየቀኝ። አንድ።

«ልጄ፣ አንዱ መሬት ይዞ ከቆመ የእሱንም ድርሻ የሚዞረው ሌላው ነው። ሁለት ዙር አዙሪው። ደግሞ ብቻሽን አይሆንም። አንድ ሰው ጎማ ያዞራል፣ ሌላው ከሥር ይቆጥራል። ሰው ጥሪ።»

ማንን?

ዓርብ፣ የካቲት 8

ብቻዬን ሞከርኩ። ጎማው ጋ ስሆን ካርዳኑ አይታየኝም። ከሥር ስገባ ጎማው ላይ እጄ አይደርስም። አራት ነው አራት ተኩል? የጎረቤቷን ልጅ ልጠራ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

የእሱንም ድርሻ የሚዞረው ሌላው ነው… ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ለእናቴ ልንገራት? ጥርሷን ካየሁ ሰባት ወር ሆነኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ለእናቴ ልላት የተዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «እማዬ፣ አንድ ሰው ያስፈልገኛል» ብቻ አልኩ።

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ጫማዋን አደረገች። መኪናው ጋ ስትደርስ በሩን በመዳፏ ነካ አደረገችው፣ ከብት እንደምትዳብስ። ከሥር ተኛሁ። ጎማውን ሁለት ዙር አዞረች፣ ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች። ድምጿን ረስቼው ነበር።

አራት ከትንሽ። እንድገመው አለች። ሦስቴ ደገምነው። አራት ከትንሽ። ተኩል የለም።

የሱቁን ነገር ነገርኳት፣ እጄ ወደ አፌ መሄዱንም። ሳቀች። መኪናው ሥር እንደተጋደምኩ ጥርሷን አየሁት።

ዕቃውን አብረን ሄደን አመጣን። መካኒኩንም ለነገ ቀጠርነው።

እሑድ፣ የካቲት 10

መካኒኩ ጠዋት መጥቶ ሥራ ጀመረ። አጎቴ ገመድ ይዞ ደረሰ። ለእናቴ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ አላት።

«አንተስ?» አለችው። «ጥርሱ ስንት ነው?»

እጁ ወደ አፉ ሄደ።

ሳቅን፣ እኔም እናቴም። የእኔ እጅ ግን መፍቻ ይዞ ነበር። ለመካኒኩ እያቀበልኩ።