ስሜ ያልተነበበ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ፣ ለተቀየምከኝም አባቴ፤

እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህስ፣ እርጥበቱ አልጠናበትም? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እማዬን ከእንቅልፏ ያባንናታል? ታናሼስ ትምህርቷን ቀጠለች? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ አካሌ ደህና ነው፤ እግሬ ግን አንድ ቦታ አልቆም ብሎኛል። ይህችን መስመር እስክጨርስ እንኳ ስንቴ ተነስቼ መስኮቱ ጋ እንደሄድኩ አትጠይቀኝ። ሰማይ ማየት እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ሥራ ፈት ሰማይ ላይ ማፍጠጥ ጀምሬልሃለሁ።

ስልክ በደወልኩ ቁጥር የምታነሳው እማዬ ናት። «አባትሽ ወርክሾፕ ነው» ትለኛለች። የትኛው ወርክሾፕ? ወንዙ ጠራርጎ ወስዶት የለም እንዴ? መዋሸት የማትችለውን ሴት በስተርጅና ውሸት አስጀመርካት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለጎረቤታችን ልጅ፣ ለጭነት መኪና ሹፌሩ እሰጠዋለሁ። እጅህ ላይ ሳያኖር እንዳይሄድ አስምዬዋለሁ።

አባዬ፣ ቂምህ የት ላይ እንደተቀመጠ አውቃለሁ። የጎርፉ ዕለት ሰው ሁሉ «እንውጣ ወይስ እንቆይ» እያለ ሲያመነታ አንተ ራዲዮህን ከፍተህ ጠበቅህ። ትንበያው «አውሎ ነፋሱ ከባሕር ዳርቻችን ርቆ ያልፋል፤ የሚያሰጋ ነገር የለም» አለ። በመጨረሻም እንደ ወጉ የዕለቱ ተረኛ ትንበያ ጸሐፊ ስም ተነበበ። ስሜ። አንተም «ልጄ ካለች አለች!» ብለህ ጀልባህን ወደ መላግ ተመለስክ። ውሃው የመጣው ግን ሁላችሁም ዓይናችሁን ከተከላችሁበት ከባሕሩ ሳይሆን ከጀርባ፣ ከወንዙ ነበር። እማዬን አዝለህ ጣራ ላይ እንደወጣህ፣ መጋዝህና መሮህ፣ ግማሽ የደረሰው ጀልባም ዓይንህ እያየ እንደሄዱ ታናሼ ነግራኛለች። ማዶ ያሉት ልብስ ሰፊ ግን ጣራ ላይ ለመውጣት ጉልበት አልነበራቸውም፤ ውሃው ወሰዳቸው። ቤታቸው የቆዩትም አንተ ስትቆይ አይተው ነው።

ያንን ትንበያ እኔ አልጻፍኩትም።

እዚህ ትንበያ ክፍል አንድ አጉል ልማድ አለ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው የአውሎ ነፋሱ እምብርት ለሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። ካርታው ላይ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ከነካህ ተጠንቀቅ፣ ካልነካህ ለጥ ብለህ ተኛ። አውሎ ነፋስ ግን መስመር አይደለም። አንተ በሚገባህ ልንገርህ፤ መሪ የሌለው ጀልባ ነው። ራሱን ያሽከረክራል እንጂ መንገዱን አይመርጥም። የሚነዳው ከበላዩ ከአህጉር አህጉር የሚፈሰው ታላቅ የነፋስ ጅረት ነው። ዘንድሮ በዚያ ጅረት መንገድ ላይ ከባድ አየር እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ ባሕሩም ከወትሮው በላይ ሞቋል። ስለዚህ አውሎ ነፋሱ መሄጃ ያጣና አንድ ቦታ ይቆማል፤ ከሞቀው ባሕር እርጥበት እየሳበ ረጅም ክንዱን ወደ ተራሮቹ ይሰዳል። እምብርቱ ከእኛ ርቆ ሳለ ዝናቡ የወንዛችን ራስ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወዴት እንደሚመጣ ለአንተ አልነግርህም።

ይህንኑ ጻፍኩ፤ የወንዝ ዳር ሰዎች ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ እስክሪብቶውን አንስቶ ሰረዘው። «መስመሩ ለማይነካው ሰው ምን አስጨነቀሽ? አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ አብዝተሻል» አለኝ። አልለቅ ስለው «ወንዝ የውሃ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው፤ እኛ የአየር ነን» አለ። ዝናብ እንግዲህ ከሰማይ ወርዶ መሬት ሲነካ አሠሪ ይቀይራል ማለት ነው! የእኔን ሰርዞ፣ የራሱን ጽፎ፣ ከሥሩ ስሜን እንዳለ ተወው። ደንብ ነዋ። ራዲዮ ላይ ስሰማው ደሜ ፈላ፤ እናንተ ዘንድ ብደውል ብደውል ስልኩ አልገባ አለኝ።

ከጎርፉ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ጥፋቱ የተረኛዋ ሆኖ ተገኘ፤ ልምድ ይጎድላታል ተባለ። በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። «ያጠፋው ይጠይቅ» ብዬ ቆምኩ። አፍሽ አያርፍም አሉኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አንተ ታውቃለህ። ያላባረሩኝ አዝነውልኝ እንዳይመስልህ፤ ሰው ስላጠራቸው ነው። ይልቅ ሁሉም የሚሸሸውን የማታውን ተራ፣ ወቅቱ እስኪያልቅ በየቀኑ እንድሠራ ፈረዱብኝ። ቅጣት መሆኑ ነው። በጀኝ!

አሁን ዋናውን ስማኝ። ያ የአየር ግድግዳ ዛሬም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሩቅ ባሕር ላይ ደግሞ ሌላ ደመና መሽከርከር ጀምሯል። እኛ ዘንድ ይመጣል ብዬ አልምልልህም፤ መሪ የለውም ብዬሃለሁ። ከቀረበ ግን መልሰው መስመር ያሰምራሉ፣ መልሰው ይሰርዙኛል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ በስሜ ሰው አላስተኛም።

ኃላፊውን ወይ ጽሑፌ ይቆይ ወይ ስሜ ይውጣ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስለዚህ ትንበያውን በስልክ ከእኔ ተቀብላ የምታነበውን የራዲዮ አንባቢ አዋየኋት። እሷም ወንዝ ዳር ያደገች ናት። «ስሜን አታንብቢው ካልሽኝ አላነበውም፤ ሳል ያዘኝ እላለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ የማታው ትንበያ መጨረሻ ላይ ስሜን ከሰማህ፣ የተባለው ሁሉ የእኔ ነው፤ እንደተባለው አድርግ። ስሜን ካልሰማህ ግን ሰማዩ እንደ መስታወት ቢጠራም፣ አንባቢዋ ደህና ነው ብትልም፣ እማዬንና ታናሼን ይዘህ ዳገቱ ላይ አክስቴ ቤት ውጣ። አውቃለሁ፣ ከእህትህ ምላስ ውሃው ይሻለኛል ትላለህ። «ወንዝ አፍ ላይ አትሥራ አላልኩህም?» ማለቷም አይቀርም። ችለህ ስማት። ምናልባት እኔ ታምሜ ቀርቼ በከንቱ ወጥተህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እኔኑ ስደበኝ። ግን ብቻህን አትውጣ፤ በሩን ሁሉ እያንኳኳህ ውጣ። አንተ ስትቀመጥ ሰው እንደሚቀመጥ አይተሃል፤ ስትነሳም ይነሳል።

ስሜን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። ለማንም መዋሻ አላውሰውም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ከእንግዲህ አትዋሽልህ። ታናሼን ራዲዮውን እንዳትነካብህ፣ የባትሪውንም ነገር አደራ በልልኝ። አክስቴን ሰላም በልልኝ፤ በሯን አታጥብቅ። ለልብስ ሰፊው ባለቤት ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም፤ ይህን ደብዳቤ ከእማዬም በፊት ለእሳቸው አንብብላቸው።

ልጅህ፤ ስሜን እዚህ አልጽፈውም፣ ማታ ማታ ጠብቀው።

ከትንበያ ክፍሉ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በአውሎ ነፋሱ ወቅት እኩሌታ