የክሊፑ ሙሽራ እጆች

ሐሙስ

ጓደኛዬ ሉባባ በባዶ ሜዳ ደግ አትሆንም። ዛሬ ከምትሠራበት ከካላክላ ሰፈር ደውላ፣ አንድ ያገራችን ልጅ የሰርግ ዘፈን ክሊፕ ሊሠራ ነው፣ ሙሽራ ቸግሯቸዋል፣ ነገ ዕረፍትሽ ስለሆነ ነይ አለችኝ። ለምን እኔን? እሷ ከኔ ትቀላለች፤ ፎቶ ይወዳታል። "እጅሽ ያምራል" አለችኝ። ሽንኩርት ሲልጥ የሚውል እጅ!

እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ ብሎኛል። አሠሪዬ ሀጃ ዘይነብ ሳሎን ውስጥ አቧራ እያራገፍኩ ስንቱን ክሊፕ አይቻለሁ። ሁሉም አንድ ነው። ልጅቷ ዞር ትላለች፣ ፀጉሯ ይበተናል፣ ዘፋኙ የሱ ያልሆነ መኪና ተደግፎ ያዝናል። ዞር ማለት እኔን ያቅተኛል?

ለሀጃ ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኳት። አርካዊት ሰፈር ወዳለው ወደዚህ ቤት ስገባ ሀጃ ከነገረችኝ ሁሉ የማልረሳው አንድ ነው፤ "ወንድ ያላት ልጅ እዚህ አታድርም።" የለኝም። ግን ክሊፕ ብላት ምን እንደሚመስላት አላህ ይወቅ። ከዚህ ቤት ብወጣ ደግሞ መግቢያ የለኝም።

ዓርብ

ናይል ዳር ያለ ግቢ ነው የቀረጹት። ዳይሬክተሩ ናሆም ይባላል፤ ብዙ ፈገግ ይላል፤ አልወደድኩለትም።

መጀመሪያ አንዲት ሱዳናዊት ሂና ሠሪ እጄንም እግሬንም በጥቁር ሂና ጥለት ሞላችው። "ዓሩስ?" አለችኝ፤ ሙሽራ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። የክሊፑ ሙሽራ እኔ ነኝና "ኣይዋ" አልኳት። እልልታዋን አቀለጠችው። እኛ ወሎ ልጃገረድ ሁሉ ለዒድ እንሶስላ ይሞቃል፤ ይሄ ምኑ እልል ያሰኛል?

ከዚያ በኋላ ነገሩ አላማረኝም። ካሜራው ፊቴን አያይም። እጅ ቀለበት ሲያጠልቅ። እግር ምንጣፍ ሲረግጥ። እጅ ብርጭቆ ሲያቀብል። ፊቴስ ስለው ናሆም "ቆይ፣ በኋላ" ይላል።

ዘፈኑን ደግሞ አፍጥነው ይለቁታል። ዘፋኙ ጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ አፉን ሲያሯሩጠው፣ የሚቀልዱት በኔ መሰለኝ። ናሆም አስረዳኝ፤ እንዲህ የተቀረጸው ኋላ ዝግ ሲደረግ አፉ ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል፣ ሰውነቱ ግን የሚንሳፈፍ ይመስላል። ይሁን እንግዲህ።

ሉባባ ጥግ ላይ ስልኳን ትነካካለች። ዓይን ዓይኔን አታየኝም።

ቅዳሜ

ወለል ስወለውል ሀጃ እግሬን አየች። አይታኝ ወደ ክፍሏ ገባች። ወላሂ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ከሱቅ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ አገኘኋት። በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ጎንበስ ብላ አልጋዬ ሥር ታያለች። ምን ጠፋ ሀጃ? ብላት፣ ምንም ብላ ወጣች። ሌባ አድርጋኛለች ማለት ነው።

እሑድ

የጎረቤት ዘበኛ እግሬን አይቶ "መብሩክ" አለኝ። በምን ነው እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ? ለሉባባ ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተናገረች።

"እዚህ አገር እግሯን በጥቁር ሂና የምታሠራ ባለ ባል ናት። አታውቂም እንዴ?"

ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝ፣ ከየት አውቃለሁ? እሷ ግን ታውቅ ነበር። የራሷን እጅ ያልሰጠችው ለዚህ ነው፤ እሷም ሰው ቤት ነው የምታድረው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ሀጃም አልጋዬ ሥር የፈለገችው የጠፋ ዕቃ አይደለም፣ የወንድ ጫማ ነው።

በሎሚ ፈተግኩት፣ በበረኪና ፈተግኩት። ቆዳዬ ተላጠ እንጂ ጥቁሩ ፍንክች አላለም። አለቀስኩ።

ሰኞ

በተሰባበረ ዐረብኛዬ ለሀጃ ሁሉንም ነገርኳት። ባል የለኝም፣ ለክሊፕ ነው አልኳት። "ዘመድ ልጠይቅ ነው ብለሽኝ አልነበር?" አለች። እውነቷን ነው። ክሊፑን አሳዪኝ፣ ካልሆነ ዕቃሽን ሰብስቢ አለች። ናሆምን ለመንኩት። ያላለቀ ቁራጭ ነገ እልክልሻለሁ፣ ኢንሻአላህ አለ። ይሄን ኢንሻአላህ ማን ያምናል? ልብሴን ፌስታል ውስጥ ከተትኩ።

ማክሰኞ

ላከው። ብቻዬን ከፍቼ አየሁት፤ ደሜ ፈላ። እጁ የኔ፣ እግሩ የኔ፣ ፊቱ የሌላ! የማላውቃት፣ አንገተ ረጅም ልጅ ዞር ትላለች፣ ፀጉሯ ይበተናል፤ በኔ ጣት ቀለበት ይጠለቃል፣ እሷ ፈገግ ትላለች። ለናሆም ደውዬ ጮህኩበት። ክሊፕ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ማን ይለየዋል አለኝ። ማንም የማይለየው ከሆነ እኔ በምን ላስረዳ?

ግድ ነውና ለሀጃ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች። "ይቺ አንቺ አይደለሽም" አለች።

ደግማ አየችው። ብርጭቆ የሚያቀብለው እጅ ላይ ስትደርስ አስቆመችው። ቀኝ እጅ ይሰጣል፣ ግራው ክርኑን ደግፎታል። ሲቀርጹኝ እንዲያ ማድረጌን ልብ አላልኩም፤ ለሰው ስሰጥ እንዲህ እንጂ በሌላ አላውቅበትም።

"ልጆቼ ውሃ በአንድ እጃቸው ነው የሚወረውሩልኝ" አለች ሀጃ። "እንዲህ አድርጎ የሚሰጠኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ዕንባዬ መጣ። እሷ ግን ቆፍጠን ብላ፣ ሂናው እስኪለቅ እንግዳ ሲመጣ ካልሲ አድርጊ፣ ሁለተኛ ደግሞ እንዳትዋሺኝ አለችና ስልኬን መለሰችልኝ።

ከሰዓት ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ፈጥና ስለምትናገር ሁሉንም አልያዝኩትም። "ዓሩስ" ብላ ሳቀች። አምናኝ ትሳቅ፣ ሳታምነኝ፣ እንጃ። ልብሴን አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት። ፌስታሉን ግን አልጣልኩትም።