ጥቁር ስክሪን ያየንባቸው አራት ቀናት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች በሙሉ፣ ማለትም ለእኔ፣ ለባለቤቴና በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ለምትንጎራደደው የጎረቤት ድመት፦ ላለፉት አስራ ሁለት ዓመታት ሳሎናችንን በቅንነት ያገለገለው ቴሌቪዥን ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ምስሉ በድንገት የተለየን መሆኑን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ድምፁ ግን በሕይወት አለ።

እውነትም አለ። ዜና አንባቢው ያወራል፣ ስክሪኑ ድቅድቅ ያለ ጥቁር። መጀመሪያ መነጽሬን ጠረጠርኩ። ወለወልኩት። ምንም። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ጀርባውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት፣ እንደሚያስገሱት ሕፃን... ምንም። የእጅ ባትሪ አምጥቼ ጠጋ ብዬ ሳበራበት ግን፣ ጉድ! ሰውዬው እዛው አለ። ከነከረባቱ፣ እንደ ጥላ። ምስሉ አልጠፋም ለካ፤ ከኋላው የሚያበራለት ነው የጠፋው።

ባለቤቴ ማድ ቤት ነበረች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ለምን እነግራታለሁ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድራማዋን ልታይ ትመጣለች። ያኔ የምትጮኸው ጩኸት እንዲያመልጠኝ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጉድ ሆንኩ!

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፣ ከፈተችው። ድምፁ መጣ። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ በጎን አያታለሁ። እጇ ሪሞቱ ላይ ቀረ። አንዴ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። አሁን ጮኸች፣ አሁን ጮኸች እያልኩ ስጠብቅ... ሪሞቱን አስቀመጠች፣ እጇን አጣጥፋ ማየት ጀመረች። ጥቁሩን!

"ይቺ ሴትዮ ዛሬም አላፈረችም። አዘናነጧን እይልኝ፣" አለችኝ።

ነቅታብኛለች ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስቀልድባት የኖርኩ ሰውዬ፣ ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የጨመርኩ፣ የልደቷን ጫማ በአንድ እግር ብቻ ጠቅልዬ የሰጠኋት... በመጨረሻ ተማሪዬ በለጠችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም! እንዲህ ያለ ችሎታ የት ደብቃው ኖራ?

እኔም እጅ አልሰጥም። "ቀዩ ቀሚስ ያምርባታል፣" አልኩ።

"ያምርባታል። ግን ጠቧታል።"

ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ጠቧታል ካለች ጠቧታል። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ሰዓት ሙሉ ጥቁር አየን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬም አልተበገረችም። "አባቷ አረጀ አይደል?" ትለኛለች። ሚዛን ያጣ ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ሳል አስመስዬ ወጣሁ።

በዚያው ወደ ቴሌቪዥን ሱቅ ሄድኩ፣ በድብቅ። ሻጩ ቀጭን፣ ትሑት፣ አፉ የማይዘጋ። አቶ ፒክስል ብዬዋለሁ፤ በየዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ ፒክስል አይጠፋም።

"አባባ፣ ይሄ ኤል ኢ ዲ ነው። ከኋላው መብራት አለው፣ ከፊቱ ምስሉ። ጥቁር ሲያሳይ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ይሄ ደግሞ ኦሌድ ይባላል። ከኋላው ምንም የለም። እያንዳንዷ ፒክስል፣ ይቺ የምስሉ ነጥብ፣ ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች። እውነተኛ ጥቁር!"

"እውነተኛ ጥቁርማ እኛም ቤት አለ። ሦስት ቀን ሙሉ እያየነው ነው።"

አልገባውም። ቀጠለ። ሦስተኛው ኪውሌድ ነው። እሱም ከኋላው መብራት አለው፣ ግን ቀለሙ የደመቀ፣ ብርሃኑ የጠነከረ። አርባ ዓመት ግድግዳና የሱቅ ታፔላ የቀባሁ ሰው ነኝ፣ ጥቁርና ግራጫ አይምታቱብኝም፤ ልቤ ኦሌዱ ላይ ወደቀ።

"ሳሎናችሁ ፀሐይ ይገባዋል? ኦሌድ ፀሐይ ፊት ይደበዝዛል።"

"ከእኛ ቀድሞ ነው የሚገባው።"

"ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ላይ ነው የሚውለው? ኦሌድ ከሆነ ጥግ ላይ ያለው የጣቢያ ምልክት ቆይቶ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ሊታተም ይችላል።"

"ባለቤቴ ሃምሳ ዓመት አንድ ጣቢያ ነው ያየችው፣ እኔን። ታትሜባት ይሆን?"

ሳቀ፣ ምስኪን። አብዝቶ የሚያየው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እሷ ናት አልኩት። "እንግዲያው ዓይኗ ይምረጥ። ይዘዋት ይምጡ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

የጫማ ክር ልንገዛ ነው ብዬ ይዣት ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። "ፍቅሩ ታደሰብሽ እንዴ?" አልኳት። "ድንጋዩ በዝቷል፣" አለች። ድንጋይ የት አለ? አስፋልት ነው። ይሄን እንኳ... ይሄን እንኳ ልብ አላልኩም።

ሱቁ ገባን። ግድግዳው ሙሉ የበራ ቴሌቪዥን ነው። በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ያበራል፣" አለች።

"ምኑ?"

"እዛ ጋ። ብርሃን ነው... ይታየኛል። ብዙ ነው።" ክንዴን ጨመቀችው። "የእኛው ነው እንዴ የተበላሸው?"

እኔ ጅሉ! አሸነፍኳት ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። "ከተበላሸ አራት ቀኑ! በይ እጅ ስጪ!"

አልሳቀችም። በእጇ መደገፊያ ፈለገች። አቶ ፒክስል ደርሶ ደገፋት፣ ካርቶን ላይ አስቀመጣት።

"ዓይኔ መስሎኝ ነበር፣" አለች። "ጨርሶ የጠፋ መስሎኝ ነበር።"

ሃያ ቴሌቪዥን ላይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ በቀቀን ይበራል። አቶ ፒክስል ውሃ ፍለጋ ሮጠ። እኔ አፌ እንደተከፈተ... ሳቁ ገና ከአፌ አልጠፋም ነበር።

አርብ፣ ኅዳር 12

ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ዓመት! በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ።

መጀመሪያ ጭጋግ ነበር አለች። ከዚያ መርፌው ክር አልገባ አላት። "ስፌት ሰለቸኝ" ያለችኝ ያኔ ነው። እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት "ሰነፈች" አልኩባት። ከዚያ ፊት ጠፋ። አሁን መስኮት ይታያታል፣ መስኮት ፊት ስቆም ጥላዬ ይታያታል። ከቴሌቪዥኑ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ብርሃን። "እሱን እያየሁ ገና ነኝ እል ነበር፣" አለች።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈተችው፤ ብርሃኑ የለም። መስኮቱን ዞራ አየች፤ አለ። ተራ በተራ ነው የሚሄደው ማለት ነው አለች በልቧ፤ ዛሬ ቴሌቪዥኑ፣ ነገ መስኮቱ። ከዚያ እንዳላውቅባት ስለዚያች ሴትዮ አዘናነጥ ማውራት ጀመረች።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቴሌቪዥኑ መበላሸቱን አውቃለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ የሚያበቃ ነገር... ቀዩ ቀሚስ ያምርባታል አልኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለአንተ?"

ወደ ጥቁሩ ስክሪን ዞርኩ።

"ጎረቤታችን ጡረተኛው ፖስተኛ ጆሮው ሲደክም ያደረግከውን ረሳኸው? ድምፅ ሳታወጣ አፍህን ብቻ እያንቀሳቀስክ ስታናግረው... ሰውዬው ጨርሶ ደንቁሬያለሁ ብሎ ጆሮውን ሲደበድብ፣ ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ነው ለአንተ እንደማልናገር የቆረጥኩት።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ ምንም አልቀለድኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ትልቋ ልጃችን ስልክ ላይ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ቀጠሮ አስያዘች። ዛሬ ሦስታችንም ሐኪም ዘንድ ነበርን።

ሐኪሟ በትንሽ መብራት ሁለቱንም ዓይን አየች። የዓይን ሞራ ነው አለች። የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ ንጹሕ ይገባል። መጀመሪያ ቀኙ፣ ከሁለት ወር በኋላ ግራው። "ከሌንሱ ጀርባ ያለው ደህና ነው፣ መርምረነዋል። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።"

ሃያ ደቂቃ!? ለሃያ ደቂቃ ነገር ሁለት ዓመት ጭጋግ ውስጥ ተቀመጠች? እኔን ፈርታ?

"አልፈልግም፣" አለች ባለቤቴ።

"እማማ፣ ለምን?" አለች ሐኪሟ።

"ያለችኝንም መስኮት ባጣትስ?"

ልጃችን ማስረዳት ጀመረች፣ ሐኪሟም ጨመረች። ባለቤቴ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ተነሳች፣ በሩን በእጇ እየፈለገች። እኔ ምን ልበል? የትኛው አፌ ይናገር?

እሑድ፣ ኅዳር 21

ዘጠኝ ቀን ሳልቀልድ። ሾርባ ሠራሁ። ክፉኛ ጨው በዛበት። ዝም ብላ ጠጣችው። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሐኪሟ ለብቻህ ምን አለችህ?"

"ለብቻዬ አላናገረችኝም።"

"አትዋሸኝ። ልሞት ነው?"

"ኧረ በስመአብ! ማን አለሽ?"

"ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድም ቀን አልቀለድክም። ቤቱ የታመመ ሰው ቤት ሆነ። ስትራመድ እንኳ በጣትህ ነው። አንድ ነገር ደብቀህኛል።"

ደነገጥኩ። እንዳልጎዳት ብዬ የዘጋሁት አፍ ገድሏት ሊቀብራት ነው ለካ! ተንተባተብኩ። አፍሬ ነው አልኳት። ፖስተኛውን አስቤ፣ ያቺን ሰኞ አስቤ... ቤቱ የሄድኩት ትናንት ነው፣ ይቅርታ ልጠይቀው። "እስካሁን የት ነበርክ?" ብቻ አለኝ፣ ሻይ ቀዳልኝ።

ይህንን ነገርኳት። የሾርባውን ሳህን ገፋ አደረገችው።

"በዓይኔ አትቀልድ፣" አለች። "በሌላው ቀልድ።"

"ሾርባውን እንዴት ጠጣሽው? እኔ ራሴ ለድመቷ ልሰጣት ብዬ አዘንኩላት።"

ሳቀች። እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል። ከዚያ፦ "በል ቀጠሮውን ያዝ። ለሌላ አይደለም፤ ስትዋሽ ፊትህን አይቼ ልይዝህ ነው።"

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ቀኝ ዓይኗ ተሠራ። ሃያ ደቂቃ ብለው ሃያ ሰባት ፈጀባቸው። ኮሪደሩ ላይ መቶ አስራ አራት ሸክላ ተነጥፏል፣ ሦስቱ የተሰነጠቁ ናቸው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 3

ነርሷ ፋሻውን ፈታች። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጨፈነች። እንባ። ከዚያ አየችኝ። ጥላዬን አይደለም፣ እኔን። ብዙ ቆየች። ወደ ነርሷ ዞረች።

"ይሄ ሽማግሌ ማን ነው?"

ደሜ ቀጥ አለ።

"ባለቤትዎ ናቸው እኮ፣ እማማ፣" አለች ነርሷ፣ እሷም ደንግጣ።

"የእኔ ባል ፀጉር ነበረው። ይሄንን ከየት አመጣችሁት?"

የከንፈሯ ዳር ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ቀልዷ ነው! በዚህ ሰዓት! እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ክፍሉ እስኪናጋ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

አቶ ፒክስል ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ። ሦስቱን በተርታ አበራላት፤ ኤል ኢ ዲውን፣ ኦሌዱን፣ ኪውሌዱን። ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከልላ ቀረበች። አፍንጫዋ ሊነካ።

"ውይ!" አለች። "ስፌቱ ጠማማ ነው!"

ሁላችንም አየን። ሦስቱም ስክሪን ላይ ያለችው ተዋናይ፣ እጅጌዋ። ሻጩ በዚህ ማሳያ ፊልም ፊት ዓመት ሙሉ ሲቆም አላየውም ነበር።

እኔ ስለ ኦሌዱ ጥቁር መስበክ ጀመርኩ። ጥራቱን፣ ጥልቀቱን፣ አርባ ዓመት ቀለም ቀይጬ እንዲህ ያለ ጥቁር እንዳላገኘሁ። ትዕይንቱ ጨለመና በጥቁሩ ውስጥ የራሷን ፊት አየች። ጉንጯን ነካች። አንገቷን ነካች። ሁለት ዓመት ያመለጣት ፊት ነው... እኔም ስብከቴን አቆምኩ።

"በሩን ክፈተው ልጄ፣ ፀሐይ ይግባ፣" አለችው። ከፈተው። እንደገና ሦስቱንም አየች።

"ጥቁሩ ምን ያደርግልኛል? ጥቁር ጠግቤያለሁ። በብርሃን የሚበልጠው የቱ ነው?"

"ኪውሌዱ፣ እማማ።"

"እሱን ጠቅልልልኝ።"

ኦሌዱን ትቼ ገንዘቡን ቆጠርኩ። ወጣን። ክንዴን አልያዘችም። ሁለት እርምጃ ቀድማኝ፣ የሱቆቹን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች፣ እኔ የቀባሁት ጋ ስትደርስ "ይሄ ፊደል ተንጋዷል" እያለች...

አሁን አዲሱ ግድግዳው ላይ ነው። እሷ ግን አታየውም። ጠረጴዛው ጋ መጥታ የዚህን ደብተር ሽፋን አነበበች፣ ፈገግ ብላ አስቀመጠችው። ሁለት ዓመት እዚሁ ተከፍቶ ሲውል ዞር ብላ ያላየችው በጨዋነቷ ይመስለኝ ነበር! ነገ ታነበዋለች። እዛው ስለነበረችም በውሸቴ ትይዘኛለች። ስለዚህ ቀድሜ ልናዘዝ፦ ታኅሣሥ 3 ላይ "እኔም አብሬ ሳቅኩ" ያልኩት ፈጠራ ነው። አልሳቅኩም። ነርሷ እየሮጠች ወንበር አመጣች፤ ለእሷ አይደለም፣ ለእኔ።