ለእናንተ ዙፋን፣ ለእኛ ዝሆን

ሰኞ

ዝሆን። እኛ ባለንበት ቦታ ላይ የሳሉት ዝሆን ነው።

ያሳየኝ መምህር ጌታነህ ነው፣ ሻሂ ቤት፣ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ጥግ። «ካርታ አገኘሁ» ሲለኝ የቤቱን ካርታ መሰለኝ። ዓርብ አዲስ አበባ ልጁ ጋ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ቤቱንም ሊሸጠው ነው ብዬ ነበር። ለካ የአፍሪካ ካርታ ነው። ፈረንጅ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሳለው፣ ኮፒው።

«ጅግጅጋን አሳየኝ» አልኩት።

ጣቱን ዘይላ ወደብ ላይ አደረገ። ከባሕሩ ወደ ውስጥ እየጎተተ መጣና ዝሆኑ ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ ነህ፣ ዋሪያ።» በሶማሊኛ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ወደ ደጋው በኩል ደግሞ ዘውድ የደፋ ሰውዬ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። መስቀል ይዟል።

«ለእናንተ ዙፋን፣ ለእኛ ዝሆን?» አልኩት።

ሳቀ። ሻሂው ትን እስኪለው ሳቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ተነስቼ ወጣሁ።

ይሄን የምትጽፈው ልጄ ሂቦ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ዕድሜዬን ሙሉ ግመል አሻሽጬ ልጆች አሳድጌያለሁ። በሶማሊኛ ልጻፈው ወይ አለችኝ። በአማርኛ ጻፊ አልኳት። ለምን አለች። ጻፊ።

ማክሰኞ

ሻሂ ቤት አልሄድኩም። ጉልበቴን አሞኛል አልኩ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ይህ ሰው ከወሎ ተመድቦ ሲመጣ ጎረምሳ ነበር። ጂኦግራፊ አስተማሪ። ሂቦንም አስተምሯታል። በዒድ እኔ ቤት ይበላል። በፋሲካው ለእኔ ለብቻዬ ዶሮ በእስላም አሳርዶ ይጠብቀኛል። ክፉ ቀን ሲመጣ እኔ እሱን ደብቄአለሁ፣ እሱም እኔን። ይሄን ሁሉ ያሳለፈ ሰው በሰው ፊት ይስቅብኛል።

ረቡዕ

ሂቦ ልትሰናበተው ሄዳ መልእክት ይዛ መጣች።

ካርታው ላይ ያለው ንጉሥም የለም ብሏል። የፈረንጆቹ አገር ሰው ከእስላሙ አገር ወዲያ አንድ ትልቅ ክርስቲያን ንጉሥ አለ፣ ይደርስልናል ሲባል ሰማ። ስለፈለገው አመነ። ስላመነው ዙፋን ላይ አስቀመጠው። ዓይቶት ግን አያውቅም። ስለ ቦታው ምንም ካላወቀ ደግሞ ባዶ እንዳይመስልበት አውሬ ይስላል። «ያንተ ዝሆን አለማወቅ ነው፣ የኔ ንጉሥ ምኞት ነው፤ ፈረንጁ ሁለታችንንም አላየንም በይው» ብሏታል።

«ታዲያ ለምን ሳቀ?» አልኳት።

«አቦ፣ ባንተ አይደለም የሳቀው።» አባቴ ስትል «አቦ» ነው የምትለኝ።

«አጠገቡ ሌላ ማን ነበር?»

ወሬ ቀየረች። አንዳንድ የድሮ ዓረቦች ካርታ ሲስሉ ደቡቡን ወደ ላይ ያደርጉት ነበር፣ በእነሱ ካርታ እኛ ከደጋው በላይ ነን አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ወረቀት ገልብጦ ማን በማን ላይ ይወጣል?

ሐሙስ

ጠዋት ውዱ ሳደርግ ትዝ አለኝ። እጄን ውኃው ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።

እናቴ እኔን የወለደችበት ቦታ ማሮዲሌ ይባላል። ከአውበሬ ወዲያ። ማሮዲ ማለት ዝሆን ነው፤ ማሮዲሌ፣ ዝሆን ያለበት። ሰው የት ተወለድክ ሲለኝ ስሙን ጠርቼ አልፋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ አስቤው አላውቅም። እናቴ ግን ትነግረኝ ነበር። በአያቷ ጊዜ ውኃው ዳር እሳት ያነዱ ነበር፣ ዝሆን ጉድጓዱን እንዳይንድባቸው። እኔ አንድም አላየሁም። አልቀዋል።

እንግዲህ ያ ፈረንጅ ዘይላ ላይ አንዱን ነጋዴ ጠይቆ ይሆናል። ንጉሡን ተመኘው፤ ስለ እኛ ግን ጠየቀ። ወይም ዝም ብሎ ሳለ። ማን ያውቃል።

ይሄን ለጌታነህ መንገር አለብኝ። ሌላ ለማን ይነገራል? እሱ ብቻ ነው የሚገባው። የባሰ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መሽቶ መግሪብ ደረሰ። አልሄድኩም።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል፣ ኮቱን ለብሶ። በመስኮቱ በኩል «ማሮዲሌ» አልኩት።

«ምን?»

«የተወለድኩበት። ዝሆን ያለበት ማለት ነው። የእኛ እውነት ነው። የእናንተ ንጉሥ ግን የለም።»

ዛሬ አልሳቀም። ትክ ብሎ አየኝ። «ይሄን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው፣ ዋሪያ?»

«አዎ።»

ሌላም ነበረኝ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ጌታነህ ያንን የተጠቀለለ ካርታ በመስኮት አውጥቶ ዘረጋልኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ካራማራ ወጡ። ዳገቱ እስኪሰውራቸው ቆምኩ።

ቅዳሜ

ከሰኞ ጀምሮ የጻፍሽውን ሁሉ ፎቶ አንሺና ላኪለት አልኳት።

«ለዚህ ነው በአማርኛ ያስጻፍከኝ?» አለች።

«ላኪ።»

ላከች። ቀትር፣ ዙሁር ላይ፣ አይቶታል አለችኝ፤ ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። የአስር ሶላት ላይ፣ «እየጻፈ ነው ይላል፣ አቦ።» ከዚያ ቆመ። ደግሞ ጀመረ። ደግሞ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የኖረ ሰው።

አሁን ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፣ እስክሪብቶው በእጇ።

«እየጻፈ ነው» አለችኝ ደግማ።

ይጻፍ።