የምስሩ ጥቁር ትሎች

ውድ ልጄ የኔአለም፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ነው። «ቃል እንዳታሳምር፣ እንደተናገርሁት ጻፍ» ብዬዋለሁ።

አምና በጥቅምት፣ ግንዱን የሚመጥጠው ደቃቃ ተባይ፣ ክሽክሽ፣ ምስሩን ሲወርሰው፣ «አባባ፣ ኅዳርን ይታገሡ፤ በላተኛው ተከትሎት ይመጣል» አልሽኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማሳው ውስጥ ተንበርክከሽ እየቆጠርሽ ደብተርሽ ላይ ስታሰፍሪ፣ እኔ ከዳር ቆሜ አፍርብሽ ነበር። ተምራ ተምራ ተባይ ቆጣሪ ሆነች እያልሁ።

ኅዳር ሲገባ እነዚያ ጥቁር፣ ሻካራ ትሎች ቅጠሉ ላይ ፈሉ። ክሽክሹ ሳያንሰኝ ሌላ ትል! ደቦ ጠራሁ። ሃያ ሰው እየለቀመ እሳት ውስጥ ሲጨምር እየሮጥሽ መጣሽ።

«አባባ፣ ተዉ! እነሱ እኮ ናቸው ክሽክሹን የሚበሉት! የቀይዋ ጥንዚዛ ልጆች ናቸው!»

ይታያል የሚባለው ያ አፉ የማያርፍ ጎረቤታችን፣ «ጋሼ እንዳላማው፣ ክርስትና እናንሳቸው እንዴ?» አለ። ደቦው ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። «ትል የምታሳድግ ልጅ ከምወልድ መሃን ብሆን ይሻለኝ ነበር» አልሁ። በማግስቱ ሄድሽ። ደጀን ከተማ ሥራ መያዝሽንም ከሰው አፍ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ክሽክሹን የሚነካው ጠፋ። ምስሬ በታኅሣሥ ደርቆ ቀረ። የይታያል ምስር ግን አፈራ፤ የራሱን ማሳ ለመልቀም ሰንፎ ነው።

ዘንድሮ አንዱንም አልነካሁ። አንዱን ትል መርጬ በየቀኑ ሄጄ አየሁት። ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ደረቀ፤ ሰነበተና ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ቀይዋ ጥንዚዛ ወጣች። ስድሳ ዓመት ሙሉ አርሼ አላውቃትም ነበር።

ደብተርሽን ጥለሽው ሄደሻል። ፊደል ባልቆጥርም ሐሙስ ሐሙስ እየተንበረከክሁ በከሰል አሰምርበታለሁ፤ ረጅሙ ለጥንዚዛዋ፣ አጭሩ ለልጇ። ባለፈው ሐሙስ ገጹ ሞላ።

መሪጌታ «ይቅርታ ብዬ ልዝጋው?» ይለኛል። አይሆንም። በሰው ፊት ያዋረድሁሽን በሰው እጅ አላስጽፍም። ምስሩ በጥር ይታጨዳል፤ ያንኑ ደቦ እጠራለሁ። ያኔ ነይ፤ እነዚያው ሃያ ሰዎች እየሰሙ ከራሴ አፍ ትሰሚዋለሽ።

ባትመጪም ሐሙስን አላጓድልም።

አባትሽ እንዳላማው

ፊርማዬ የአውራ ጣቴ ነው። ጥቁረቱ የቀለም ብቻ አይደለም፤ ከሰሉም አልለቀቀኝ።